ሜሪ ጆ በአቺሰን፦ ዋንጋሪ ማታይ በካቶሊክ ኮሌጅ ያሳለፈቻቸው አራት ዓመታት

ከኒውዮርክ ወደ ካንሳስ የሚጓዘው አውቶቡስ ኢንዲያና ውስጥ ለዕረፍት ሲቆም ሁለት ኬንያውያት ወጣቶች ወረድ ብለው አንድ ካፌ ገቡ። ዓመቱ 1960 ነው፤ ወሩ ሴፕቴምበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኮካ ኮላ ጠየቁ። መጠጡን አልተከለከሉም፤ የተከለከሉት ወንበሩን ነው። ጥቁሮች ስለሆኑ ውጭ ወጥተው እንዲጠጡ ተነገራቸው።

ከሁለቱ አንዷ ዋንጋሪ ማታይ ናት፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት። የካፌውን ነገር ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሷ ተርካዋለች። እኔን የሚያመራምረኝ ግን ካፌው ሳይሆን አውቶቡሱ በመጨረሻ ያደረሳት ቦታ ነው። ሚዙሪ ወንዝ ዳር አቺሰን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ እዚያ መነኮሳት በሚመሩት የሴቶች ኮሌጅ አራት ዓመት ተማረች። መንገድ ላይ ወንበር የተነፈገች እንግዳ ኮሌጁ ውስጥ እንዴት ቤተኛ ሆነች? ቤተኛ መሆኗስ ምን ለወጠባት? ይህ የጉዳይ ጥናት የሚከተለው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ፕሮፌሰር ዋንጋሪን በአንቱታ መጥራት ወጉ ነበር። የማወራው ግን ስለ ሃያ ዓመቷ ተማሪ ስለሆነ «እሷ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አንባቢ እንደ ድፍረት አይቁጠርብኝ።

ሦስት ጊዜ የተሰየመች ልጅ

የተወለደችው ኤፕሪል 1 ቀን 1940 በኬንያ ማዕከላዊ ደጋ፣ ኔሪ አካባቢ፣ ኢሂቴ በምትባል መንደር ነው። ዋንጋሪ በኪኩዩ ቋንቋ «የነብር ወገን» እንደ ማለት ነው። አባቷ ሙታ ይባላሉ። ስለዚህ ሙሉ ስሟ ዋንጋሪ ሙታ፤ እንደ እኛው የራስ ስምና የአባት ስም። ልጅ ሳለች በፕሮቴስታንት ጥምቀት ሚርያም ተባለች። በአሥራ አንድ ዓመቷ ኔሪ ወደሚገኘው የማታሪ ካቶሊክ ሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ ያስተማሯት ከኢጣልያ የመጡ የኮንሶላታ ማኅበር መነኮሳት ናቸው። ኮንሶላታ ለኢትዮጵያ ካቶሊኮችም የቆየ ስም ነው። እዚያ ካቶሊክ ሆነች፤ ሜሪ ጆሴፊን የሚል ስም ወሰደች፤ አጠር ሲል ሜሪ ጆ።

የክርስትና ስም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ወለተ ማርያም የተባለች ሴት ስትቆርብ በዚያ ስም ትጠራለች፤ ስትሞትም ፍትሐቱ በዚያው ስም ይደረስላታል። ገበያ ላይ፣ መሥሪያ ቤት፣ ጎረቤት ዘንድ ግን እናቷ ባወጣችላት ስም ነው። የክርስትናው ስም ከመጠሪያው ጎን ይቀመጣል እንጂ አያፈናቅለውም። በቅኝ ግዛቷ ኬንያ የሆነው ሌላ ነው። አዲሱ ስም ፊት ወጣ፤ የራሷ ስም ዋንጋሪ ወደ ቤተሰብ ስም ቦታ ተገፋ፤ የአባቷ ስም ሙታ ደግሞ ጭራሹን ወደቀ። «ሚስ ዋንጋሪ» ሆነች። ባሕር ማዶ ሄዳ «ሚስ ተስፋዬ» የተባለች ኢትዮጵያዊት ነገሩ ወዲያው ይገባታል፤ እሷ እንኳ የተጠራችው በአባቷ ነው። ዋንጋሪ የራሷ ቤተሰብ ስም ራሷ ሆና ቀረች።

ቋንቋዋም እንዲሁ ተገፋ። ከእንግሊዝኛ ውጭ ሲናገር የተገኘ ተማሪ «ሞኒተር» የሚሉት ምልክት ይለጠፍበታል። ምልክቱ ከአጥፊ ወደ አጥፊ ሲተላለፍ ይውልና ማታ እጁ ላይ የተገኘበት ተማሪ ይቀጣል። ልጆች የእናታቸውን ቋንቋ ሲያፍኑና አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይውላሉ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ዋንጋሪ መነኮሳቱን አልጠላቻቸውም። አገራቸውንና ወላጆቻቸውን ትተው ለማያውቋቸው ልጆች ያደሩ ሴቶች መሆናቸውን ሁልጊዜ በአክብሮት ታነሣለች። መነኮሳት ባስተማሩበት ትምህርት ቤት ያለፈች ሴት ይህ የተደባለቀ ስሜት አይጠፋትም፦ ፍርሃቱም ፍቅሩም አንድ ላይ ነው።

በ1956 ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ሊሙሩ ወደሚገኘው የሎሬቶ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሻገረች፤ መምህራኑ አየርላንዳውያት መነኮሳት። ውጭ ማው ማው የተባለው የፀረ ቅኝ ግዛት ትግልና የእንግሊዞች አፈና ነበር። እናቷ በግዳጅ ወደ ሰፈራ መንደር ተወስደው ነበር፤ እሷም በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለሁለት ቀን ታስራለች። ሎሬቶን በ1959 ስትጨርስ አብረዋት የተማሩት ልጆች ከፊታቸው ያዩት በአብዛኛው ሁለት መንገድ ነው፦ መምህርነት ወይም ነርስነት። እሷ ኡጋንዳ ወደሚገኘው ማኬሬሬ ኮሌጅ ገብታ መማርን ነበር ያሰበችው። ዕጣዋ ከማኬሬሬ አልፎ ሄደ።

አውሮፕላኑ

ኬንያዊው የሠራተኛ ማኅበራት መሪ ቶም ምቦያ ነፃነት ሲመጣ አገሪቱን የሚያስተዳድሩ የተማሩ ሰዎች አይኖሩም ብሎ ይሰጋ ነበር። ከአሜሪካ ወዳጆቹ ጋር ሆኖ ተማሪዎችን በአውሮፕላን ማጓጓዝ ጀመረ፤ የ1959ኙ በረራ 81 ተማሪዎች ይዞ ሄደ። ለ1960ው ገንዘብ ሲያጥር በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሴናተር ጆን ኬኔዲ በቤተሰቡ ፋውንዴሽን በኩል 100,000 ዶላር አስገኘ። የናይሮቢ ካቶሊክ ጳጳስ ቢሮ በአሜሪካ ካቶሊክ ኮሌጆች ቦታ የሚያገኙ ተማሪዎችን ሲፈልግ ዋንጋሪ ከተመረጡት ወደ 300 ከሚጠጉ ወጣቶች አንዷ ሆነች።

በዚያው ዘመን ኬንያውያን ወደ አዲስ አበባም ይመጡ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1958 ለአፍሪካውያን ተማሪዎች በሰጡት ነፃ የትምህርት ዕድል የገቡበት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከ1950 ጀምሮ የተመራው ኢየሱሳውያን (ጄስዊት) በሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል፣ በካናዳዊው ቄስ በሉሲየን ማት ነው። ልዩነቱ ግን የሚገርም ነው፦ አዲስ አበባ ላይ ኢየሱሳውያኑ ካባቸውን አውልቀው በሙሉ ልብስ ያስተምሩ ነበር፤ አቺሰን ላይ ኮሌጁ ራሱ የገዳሙ አካል ነበር።

ተራራው

ማውንት ሴንት ስኮላስቲካ ይባላል፤ ተማሪዎቹ በአጭሩ «ማውንት» ይሉታል፣ ተራራው። የቤነዲክቶስ ማኅበር መነኮሳት አቺሰን የደረሱት በ1863 ነው። ስኮላስቲካ በትውፊት የቅዱስ ቤነዲክቶስ መንታ እኅት ናት፤ እንደ ስሞቹ ሁሉ ከተማዋ ውስጥ የወንዶቹ ኮሌጅ ሴንት ቤነዲክት፣ የሴቶቹ ሴንት ስኮላስቲካ ነበሩ። በ1971 ተዋሕደው ዛሬ ቤነዲክቲን ኮሌጅ የሚባለው ሆነዋል። አቺሰን ሌላም ስም ያላት ሴት አፍርታለች፤ አብራሪዋ አሜሊያ ኤርሃርት በ1897 የተወለደችው እዚያ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። ቤነዲክቶስ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ለመነኮሳቱ የጻፈው ሥርዓት ስለ እንግዳ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ ይቀበሉት ይላል። መሠረቱ የማቴዎስ ወንጌል ቃል ነው፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል»። እኛ አገር ከመሸ በር ያንኳኳ ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል የሚጠራው ይህንኑ ሕግ ነው። በዚያው ጥቅስ ላይ «ተጠምቼ አጠጥታችሁኛል» የሚልም አለ። ኢንዲያና ላይ ሁለቱ ልጆች ሁለተኛውን አግኝተዋል፤ መጠጡ ተሸጦላቸዋል። ያላገኙት የመጀመሪያውን ነው። አቺሰን ላይ ያገኙት እሱን ነው፤ መቀበልን።

መቀበሉ በትልልቅ ንግግር አልነበረም። በዓል ሲደርስ ግቢው ባዶ ይሆናል፤ ቤቷ ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የራቀባት ተማሪ ብቻዋን እንዳትቀር የክፍል ጓደኞቿ ወደየወላጆቻቸው ቤት ይወስዷታል። ባሕር ማዶ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፦ ባይተዋርነት የሚከፋው በዓል ቀን ነው። ሰው ቤተኛ መሆኑን የሚያውቀውም በዚያው ቀን፣ የሌላ ሰው እናት ሳትጠይቀው ሳህኑን ስትሞላለት ነው።

የሚያስቀው የመነኮሳቱ ነገር ነው። ዋንጋሪ ካቶሊክነትን የተማረችው ከኢጣልያና ከአየርላንድ መነኮሳት ነው፤ እዚያ ወንድና ሴት ተማሪ መገናኘት ራሱ ነውር ነበር። ማውንት ስትደርስ የሴንት ቤነዲክት ወንዶች ይመጣሉ፤ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ወንድና ሴት ተያይዘው ይደንሳሉ፤ መነኮሳቱም እያዩ ይህን ይፈቅዳሉ! ደነገጠች። ቤተ ክርስቲያኗ አንድ፣ ቅዳሴው አንድ፣ ጸሎቱ አንድ፤ ታዲያ ኔሪ ላይ የተከለከለው ካንሳስ ላይ እንዴት ተፈቀደ? በእኔ ግምት የአራቱ ዓመት ትልቁ ትምህርት የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ በባዮሎጂ ክፍል ሳይሆን በዳንስ አዳራሽ። እምነት ብላ የተቀበለችው ነገር ምን ያህሉ እምነት፣ ምን ያህሉ የአስተማሪዎቿ አገር ልማድ እንደሆነ መለየት ጀመረች። ሦስተኛ ዓመት ሳለች፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1962፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሮም ላይ ተከፈተ፤ አይነኬ የሚመስለው ሁሉ በራሱ በቤተ ክርስቲያኗ ውይይት ውስጥ ገባ። አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ መጠየቅ የማይታሰብ የነበረውን ሃያ ሁለት ዓመቷ ላይ ጳጳሳቱ ራሳቸው ይጠይቁት ነበር።

ዋና ትምህርቷ ባዮሎጂ ሲሆን ኬሚስትሪና ጀርመንኛን ደረበች። ነገር ግን ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ አይቀዳም። በዚያ ግቢ የምትመራው ሴት ናት፤ የምታስተምረው፣ ሒሳብ የምትይዘው፣ ቤተ ሙከራውን የምትከፍተው ሴት ናት። ከተማሪዎቹ መካከል እጇን አውጥታ የምትመልሰውም፣ የምትሳሳተውም ሴት ናት። ለሴት የሚሆንና የማይሆን ሥራ የሚባል ነገር ለአራት ዓመት ከጆሮዋ ራቀ። በቃል ያልተሰበከ ትምህርት ስለሆነ ዘልቆ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። እንግዳን መቀበል ጎረቤትን ከመቀበል ይቀላል። እንግዳ ይሄዳል፤ ጎረቤት ድርሻውን ይጠይቃል። ከአቺሰን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቶፒካ ናት፤ በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ ወጥ ነው ያለበት ታዋቂ ክርክር ስሟን የያዘው ከተማ። ዋንጋሪ አሜሪካ ከመግባቷ ሰባት ወር በፊት በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ አራት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለ የምሳ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንነሣም ብለዋል፤ ክርክሩ ስለዚያው ኢንዲያና ላይ ስለተነፈገችው ወንበር ነበር። ከአፍሪካ የመጣችው ልጅ በክብር እንግድነት የተቀመጠችበትን ማዕድ እዚያው ተወልዳ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ሁልጊዜ አታገኘውም ነበር። ዋንጋሪም ይህን ልዩነት አላጣችውም፤ ጥቁር መሆን ምን ማለት እንደሆነ በወጉ ማሰብ የጀመረችው አሜሪካ ውስጥ ነው። ኬንያ ሳለች ኪኩዩ ነበረች፣ ካቶሊክ ነበረች፣ የሙታ ልጅ ነበረች። «ጥቁር» የሚለው ስም የተሰጣት ካፌው በር ላይ ነው፤ ይህም አራተኛ ስም ሆነባት።

ሃያ ቀን

የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ሃያ ቀን ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ኬኔዲ ተገደለ። ለማውንት ሰዎች ሐዘኑ ድርብ ነበር፤ የመጀመሪያው ካቶሊክ ፕሬዚዳንታቸው ነው። ለኬንያዊቷ ደግሞ አውሮፕላኑን የከፈለላት ሰው ነው። ዲሴምበር 12 ቀን ደግሞ ናይሮቢ ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ ወርዶ ኬንያ ነፃ ወጣች።

አስቡት፤ በጓደኞቿ ሐዘን እንደ ቤተኛ አዝናለች፤ በአገሯ ደስታ ግን ባዕድ ምድር ላይ ናት። የቅኝ ግዛት ተገዥ ሆና ነበር የወጣችው፤ ስትመለስ የምታገኘው አገር ገና ያላየችው አገር ነው። ሁለት ቤት ያለው ሰው ዕዳው ይኸው ነው፦ አንዱ ቤት ለቅሶ ሲቀመጥ ሌላው ይደግሳል፤ በሁለቱም መገኘት አይቻልም።

የተመለሰችው ማን ናት?

በ1964 ከማውንት ተመረቀች፤ ከዚያ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ያዘች። ፒትስበርግ የብረት ከተማ ናት፤ ነዋሪዎች የከተማቸውን የተበከለ አየር ለማጥራት ሲደክሙ ያየችው እዚያ ነው። ጃንዋሪ 1966 ወደ ናይሮቢ ስትመለስ ከአምስት ዓመት በላይ አገሯን አላየችም ነበር። የተመለሰችው ግን ሜሪ ጆ አልነበረችም። ሜሪ ጆሴፊን የሚለውን ትታ ዋንጋሪ ሙታ ብላ ተመለሰች።

የጉዳዩ እምብርት ለእኔ ይህ ነው። ካቶሊክ ኮሌጅ ውስጥ ቤተኛ መሆን የካቶሊክ ስሟን ያጸናዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ማታሪ ላይ ልጅ ነበረች፤ ተቀባይነት የሚገኘው አዲስ ስም በመልበስና ቋንቋን በማፈን ነበር። ማውንት ላይ ግን አስቀድማ ተቀባይነት አገኘች፤ ወንበሩ የተሰጣት ማንነቷን ሳትለውጥ ነው። ወንበሩ እንደማይነጠቅ ያወቀ ሰው ደግሞ ያለ ፍርሃት ይጠይቃል፦ ይህን ስም ማን ሰጠኝ? ለምን? መነኮሳቱ ስምሽን መልሺ አላሏትም። እንድትጠይቅ ያለማመዷት ግን እነሱ ናቸው፤ አሜሪካ እንደለወጠቻትም ራሷ ጽፋለች።

ልምምዱ ወዲያውኑ ተፈተነ። ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለረዳት ተመራማሪነት ቀጥሯት ደብዳቤ ይዛ ስትቀርብ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ተባለች። ምክንያቱ ሴትነቷና ጎሣዋ እንደነበር እሷ አልተጠራጠረችም። ቤተኛ ናት በተባለችበት አገሯ ወንበር ተነፈገች፤ በዚህ ጊዜ በኮካ ኮላ ምክንያት አልነበረም። ከጀርመን ጊሰን ዩኒቨርሲቲ የመጡ አንድ ፕሮፌሰር የእንስሳት ሕክምና አናቶሚ ክፍል ውስጥ ሥራ ሰጧት፤ በ1967 ለምርምር ወደ ጀርመን ሄደች። ማውንት ላይ የደረበችው ጀርመንኛ ጊሰንና ሙኒክ ላይ እንጀራ ሆነላት። በ1971 ከምሥራቅና ከመካከለኛው አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የዶክትሬት ባለቤት ሆነች፤ በ1976 ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ። በዚያው በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ለሴት መምህራን እንደ ወንዶቹ እኩል ጥቅማ ጥቅም ይሰጥ ብላ ስትሟገትም ነበር። ሴቶች የሚመሩትን ኮሌጅ አይታ ለመጣች ሰው ልዩነቱ የተፈጥሮ ሕግ አይመስላትም።

ጁን 5 ቀን 1977 ናይሮቢ ላይ ሰባት ችግኞች ተተከሉ፤ አረንጓዴ ቀበቶ የተባለው ንቅናቄ መነሻ ነው። የደን ባለሙያዎች ዛፍ ለመትከል ሙያ ያስፈልጋል፣ የገጠር ሴቶች አይችሉም ብለው ነበር። ዋንጋሪ ሴቶቹን ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች አለቻቸው። ዲፕሎማ ያላት እሷ ነበረች፤ ወንበሩን ግን ለእነሱ ሳበችላቸው። በኖቤሉ ጊዜ የተተከለው ዛፍ ከ30 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር።

በስሞቿ ላይ ግን አንድ ምዕራፍ ይቀራል። ያገባችው በ1969 ነው፤ ትዳሩ በ1979 በፍርድ ቤት ሲፈርስ የቀድሞ ባለቤቷ የቤተሰቡን ስም፣ ማታይን፣ እንድትተው ጠየቀ። አልተወችውም፤ እንዳለም አልያዘችውም። በላቲን አጻጻፉ ላይ አንድ «ኤ» ጨመረችበትና የራሷ ስም አደረገችው። ስም ሲጨመርባትና ሲነሣባት ያደገች ሴት በዚያ ዕድሜዋ እርሳሱን ራሷ ይዛለች።

ዲሴምበር 10 ቀን 2004 ኦስሎ ላይ ሽልማቱን ስትቀበል የተጠራችበት ስም ዋንጋሪ ሙታ ማታይ ነው፦ እናቷ የጠሯት፣ የአባቷ፣ እና በራሷ እጅ አንድ ፊደል የተጨመረበት።